በናፍጣ ፓምፑ ላይ ያደረግሁት ምልክት

ሰው የማላምን ሴት ነበርኩ። የሚያከብሩኝ "ጠንቃቃ ነሽ" ይሉኛል፤ በደንብ የሚያውቁኝ ግን "አስቴር የገዛ ጥላዋንም መታወቂያ ትጠይቃለች" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አልተሳሳቱም። ሥራዬ በዴን ሃግ በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። የሰው ቤት ቁልፍ በእምነት ተሰጥቶኝ የምውለው እኔ፣ ትራንስቫል ሰፈር ያለውን የራሴን ቤት ቁልፍ ለታናሽ እህቴ እንኳ ሰጥቼ አላውቅም። ቁልፉ ጠፍቶኝ ደጅ ያደርኩ ጊዜ እንኳ አልተማርኩም። ትምህርቴን ያገኘሁት በኋላ፣ ሮተርዳም ውስጥ፣ በአንድ ቅዳሜ ነው። ያን ቅዳሜ እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ፤ ራሴን የማሳምርበት ቦታ ካገኛችሁ አትመኑኝ።

አባቴ ደሴ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ያደግሁት በፎር ዊል መኪና የፊት ወንበር ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስለዚህ እዚህ አገር በአምስተኛው ሙከራ መንጃ ፈቃድ ሳገኝ፣ ሌላው ሐበሻ ትንሽዬ ቤንዚን ቆጣቢ ሲገዛ እኔ ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ ላይ የዕድሜዬን ግማሽ የሚያህል ቱርቦ ዲዝል ፎር ዊል ገዛሁ። "አሮጌ ናፍጣ መኪና ከተማ እንዳይገባ ሊከለከል ነው" የሚባልበት ጊዜ ነበር፤ ማን ሰምቶ። ከዚያም ማሻሻል ጀመርኩ። ከመሬት ከፍ አስደረግሁት፤ ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ አስገጠምኩለት፤ የኋላ ወንበሮቹን አስነቅዬ አልጋ አሠራሁበት። አምስተርዳም ኦስዶርፕ የምትኖረው ጓደኛዬ ትርንጎ ባየችው ቁጥር ትተርበኛለች።

"አስትዬ፣ በዚህ አገር ትልቁ ተራራ የአውራ ጎዳናው ድልድይ ነው። ይህን ሁሉ አዘጋጅተሽ ምኑ ላይ ልትወጪ ነው?"

የቀረው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ ሞተሩ አየር ከላይ እንዲስብ በጎን በኩል ወደ ጣሪያው የሚወጣ ቱቦ መግጠም ነው። ሁለተኛው የታይሚንግ ቺንጋውን መቀየር። ይህ ቺንጋ ከሞተሩ ፊት ያለ ጥርሳም የጎማ ቀበቶ ነው፤ የሞተሩን ክፍሎችና ናፍጣ የሚረጨውን ፓምፕ አንድ ላይ አስተካክሎ የሚያዞራቸው እሱ ነው። ዕድሜው ሲያልፍ ይበጠሳል። ከተበጠሰ ሞተሩ አለቀለት ማለት ነው። ሲቀየርም ሁሉም በየምልክቱ ላይ ካልገጠመ ሞተሩ ጤና አይኖረውም።

"እኔ መካኒክ አላምንም" አልኳት ትርንጎን።

"አንቺ ማንን ታምኛለሽ? ጋሽ ሰኢድ የሚባሉ የኮምቦልቻ ሰው አሉ፣ ሮተርዳም ዴልፍስሃቨን። አገር ቤት ሃያ ዓመት ናፍጣ ሞተር የሠሩ ናቸው። እዚህ ግን አንዱ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ይቀይራሉ፣ ወለል ይጠርጋሉ።"

"ሙያ ካላቸው ለምን ጎማ ይቀይራሉ?"

"የሙያ ወረቀት የላቸዋ! ባለቤቱ ሄንክ የሚባል ሆላንዳዊ ነው። 'አንድ ቺንጋ ብቻህን ከባዶ ጀምረህ ጨርስ፤ ሥራውን አይቼ በመካኒክነት የዓመት ኮንትራክት እፈርምልሃለሁ' ብሏቸዋል። የዓመት ኮንትራክት ካላገኙ ሚስታቸውንና ልጃቸውን ማምጣት አይችሉም፤ ሕጉ አይፈቅድም። አራት ዓመት ሆኗቸው ተለያይተው። የአሁኑ ውላቸው ደግሞ በዚህ ወር ያልቃል። አንቺ መኪና አለሽ፣ እሳቸው መኪና የላቸውም። ስጫቸው በቃ።"

ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢሰማ አንጀቱ ይላወሳል። እኔ ግን በልቤ "ምነው እንዲህ ለማሳዘን የተሰፋ ሆነ?" አልኩ። ቢሆንም እሺ አልኳት።

አባቴ በጋራዥ የደረሰበትን ሳልነግራችሁ አልቀጥልም። አንድ ቀን መኪናውን ደሴ ውስጥ ጋራዥ አስገብቶ ምሳ በልቶ እስኪመለስ፣ የናፍጣ ፓምፑን አውልቀው በአሮጌ ቀየሩበት። መሥሪያ ቤቱ "አንተ ነህ የሸጥከው" ብሎ አባረረው። ከዚያ ወዲህ፣ ሌላ መኪና ሲይዝ፣ እንደብዙ ሾፌር እሱም በየዕቃው ላይ የሚስጥር ምልክት ያደርግ ጀመር። የእናቴን የጥፍር ቀለም እየወሰደ ነው የሚያደርገው። "አስቴር፣ ጋራዥ ስትገቢ የምትሳሺለት ዕቃ ላይ ምልክት አድርጊ፤ የት እንዳደረግሽ ለማንም አትንገሪ" ይለኝ ነበር። ከጆሮዬ አልወጣም ምክሩ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ዴልፍስሃቨን ደረስኩ። ጋራዡ ከአሮጌው ወደብ ጀርባ፣ በሩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ጠባብ ቤት ነው። ሄንክ ረጅም፣ ሽበታም፣ ፊቱ የማይነበብ ሰውዬ ነው። ቁልፉን ለጋሽ ሰኢድ ሰጥቶ በሆላንድኛ፣ ቀስ እያለ፣ እንዲገባቸው ተናገራቸው።

"ዛሬ ጋራዡ ያንተ ነው። አስር ሰዓት ላይ መጥቼ ሞተሩን አስነስቼ እሰማለሁ። ጥሩ ከሆነ ሰኞ እንፈርማለን። ካልሆነ፣ ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ" አሉ ጋሽ ሰኢድ።

ሄንክ ብስክሌቱን ይዞ ወጣ። ጋሽ ሰኢድ ሃምሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው፣ አጠር ያሉ፣ ጢማቸው የሳሳ ሰው ናቸው። እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ። ትሕትናቸው በዛብኝ። ትሕትና የሚያበዛ ሰው አንድ ነገር ይደብቃል የሚል የራሴ ሕግ ነበረኝ።

"የደሴ ልጅ ነሽ አሉኝ። የት ሰፈር?"

"ፒያሳ።"

"እህ! የፒያሳ ልጅ ብልጥ ነው። በይ አንቺ ሂጂና ከተማሽን እይ፤ ስጨርስ እደውልልሻለሁ።"

"እዚሁ እቆያለሁ።"

"ቀኑን ሙሉ?"

"ቀኑን ሙሉ።"

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ሄደው ወንበር አመጡና መቀመጫውን በእጅጌያቸው ጠረጉልኝ። "እንግዲያው ቆመሽ ከምታዪኝ ተቀምጠሽ እዪኝ" አሉ። አልተቆጡም። ለምን አልተቆጡም ብዬ ደግሞ ተጠራጠርኩ።

ሥራው ተጀመረ። ኮፈኑ ተከፈተ፣ ራዲያተሩ ወረደ፣ ሽፋኖቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። እያንዳንዱን ብሎን በየትንንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ለየብቻ ያስቀምጣሉ። እኔም እቆጥራለሁ። እሳቸው አስራ አንድ ሲያስቀምጡ እኔም አስራ አንድ እላለሁ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልካቸው ጮኸ። ወደ በሩ ሄደው ፊታቸውን አዙረው ዝቅ ባለ ድምፅ ማውራት ጀመሩ። ጆሮዬን ጣልኩ።

"አዎ፣ ዛሬ ነው … ሴትዮዋ እዚሁ ናት፣ አትሄድም … ካለቀ በኋላ እነግርሻለሁ … እሺ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።"

ተመልሰው መፍቻቸውን ሲያነሱ ፊታቸው ላይ ፈገግታ አለ። "ማን ነው?" ልል ምላሴ ጫፍ ደርሶ መለስኩት። 'ሴትዮዋ አትሄድም' የተባልኩት እኔ መሆኔን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

ቀጥሎ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ ዐረፈ። ከታች፣ ጥግ ላይ፣ በአሮጌ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር አለ። እሳቸው ከመኪናው ሥር ሲገቡ ተነስቼ የምንቆራጠጥ መስዬ ሄድኩና ጨርቁን በጣቴ ገለጥ አደረግሁት። የናፍጣ ፓምፕ ነው። የኔው ዓይነት፣ ቅርጹም ልክ የኔው፤ ግን ያረጀ፣ የዛገ፣ ጥርሱ የተበላ።

ጨርቁን እንደነበረ መለስኩት። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አባቴ ከምሳ ሲመለስ ምን እንደተሰማው ያኔ የገባኝ መሰለኝ። መኪናውን አስነስቼ እንዳልሄድ ግማሹ ተፈትቷል። ጮኼ እንዳልናገር ገና የሠሩት ነገር የለም። ዓይኔን ከእጃቸው ላይ አላነሳም አልኩ።

ጋሽ ሰኢድ ከሥር ወጥተው ዋናው ሥራ ላይ ደረሱ። በቢሮ ፍሉድ የምንለውን ነጭ ማጥፊያ ከኪሳቸው አወጡና ቺንጋው በሚያዞራቸው ጥርሳም ፑሊዎች ላይ ነጭ ምልክት አደረጉ።

"ይቺ ምልክት የሥራው ነፍስ ናት" አሉኝ እያሳዩኝ። "ቺንጋው ሲወጣ ሁሉም ከቦታው ይንሸራተታል። አዲሱን ስታስገቢ በምልክቷ ትመልሺዋለሽ። የፋብሪካውም ምልክት አለ፣ ያንቺን ግን ዝገት በልቶታል።"

አሮጌው ቺንጋ ሲወጣ የፓምፑ ፑሊ ቀጭ ብሎ ራሱን አዞረ። "ጸባዩ ነው" አሉ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። "ልስገድና ልምጣ። አስር ደቂቃ።" እጃቸውን ታጥበው ከጎማ ክምሩ ጀርባ ገቡ።

ብቻዬን ቀረሁ። ፍሉዱ ሞተሩ ጠርዝ ላይ አለ።

ምልክቴን የማደርገው አሁን ነው አልኩ። ቱርቦው ላይ ከሥር በኩል አንድ ጠብታ፣ ዲናሞው ላይ አንድ ጠብታ፣ ፓምፑ ጎን ላይ አንድ ጠብታ አደረግሁ። ከዚያም "ፓምፑን ትተው ፑሊውን ብቻ ቢቀይሩስ?" አልኩና ከእሳቸው ምልክት ሁለት ሦስት ጥርስ ዝቅ ብዬ፣ እንዳይታይ በሁለት ጥርሶች መሀል ባለው ጎድጓዳ ውስጥ አራተኛዋን አስቀመጥኩ። ብሩሹን መልሼ ጠርሙሱን ከነበረበት አኖርኩት። ከጎማዎቹ ጀርባ "አላሁ አክበር" የሚል ዝግ ያለ ድምፅ ይሰማኛል። ሰው ግንባሩን መሬት ላይ ባስቀመጠበት ሰዓት እኔ ሌባ ላደርገው ማስረጃ እያዘጋጀሁ ነበር። ያኔ ግን ኮራሁ።

ተመለሱ። በሌሉበት ጊዜ ከላይ ዘይት ተንጠባጥቦ ፑሊው ላይ ወርዷል። በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ወስደው ጥርግ ጥርግ አደረጉት። ወዲያው እጃቸው ቆመ።

"ያ አላህ! ምልክቴን ጠረግኳት!"

ባትሪያቸውን አብርተው አንገታቸውን ቀብረው ፈለጉ። እኔ ጠብታዬን ያገኙብኛል ብዬ ነው የፈራሁት፣ ሌላ አይደለም።

"አይ፣ አለች! ጥርሷ ውስጥ ገብታ ቀርታለች። አልሐምዱሊላህ።"

የኔን ነጥብ የራሳቸው መሰላቸው። እኔም "ተመስገን፣ አልነቁም" አልኩ። ይህን ስጽፍ እፍረቱ ዛሬም ፊቴን ያግለዋል። ያ ምልክት ለምን እንደሚያስፈልግ ቅድም አስረድተውኛል፤ ሰምቻለሁ። ግን ጆሮዬ ሰማ እንጂ ልቤ ፓምፑን ሲጠብቅ ስለነበር ሁለቱን አላገናኘሁም።

አዲሱ ቺንጋ ገባ። ሞተሩን በመፍቻ ሁለት ዙር በእጅ አዞሩት፤ ምንም አልነካም። ሽፋኑን ዘጉ፤ ከፊት ጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ በትዕግሥት በስተው የአየር ቱቦውንም ገጠሙ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ጋሽ ሰኢድ ላባቸውን ጠረጉ።

"በይ፣ መኪናሽ ናት፤ አንቺ አስነሺያት።"

ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች። ወዲያው ግን ከውስጥ ሰው በመዶሻ የሚደበድባት ይመስል ኳኳኳ የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ጭሱ እስከ ጣሪያ ወጣ።

"አጥፊ! አጥፊ!"

አጠፋሁ። ጋሽ ሰኢድ ቆመው ቀሩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔ ደግሞ፣ ይገርማችኋል፣ ወርጄ መጀመሪያ ያየሁት በጨርቅ የተሸፈነውን ፓምፕ ነው። እዚያው አለ። ጎንበስ ብዬ የመኪናዬን ፓምፕ አየሁ፤ ጠብታዬ አለች። አልተቀየረም። ታዲያ ምን ሆነ?

ሽፋኑን መልሰው መፍታት ሲጀምሩ ሄንክ ገባ። ከተባለው ሰዓት አስር ደቂቃ ቀድሟል። ጭሱን በእጁ እየበተነ "አስነሺው" አለኝ። ሁለት ሴኮንድ ሰማና እጁን አነሳ። አጠፋሁ።

"ፓምፑን በምልክቱ ነው ያስገባኸው?"

"በምልክቱ" አሉ ጋሽ ሰኢድ በተሰባበረ ሆላንድኛ። "ራሴ ምልክት ሠራሁ። ራሴ አስገባሁ። አንድ ሰዓት ስጠኝ።"

ሄንክ ሰዓቱን አየ። "ሰኢድ፣ ጎማ ላይ ካንተ የሚበልጥ ሰው የለኝም። ግን ይህ የሰው ሞተር ነው። ሰኞ ሌላ መካኒክ ያየዋል።" ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ወጣ። ቢሳደብ ይሻል ነበር።

ጋሽ ሰኢድ ሽፋኑን ፈትተው ጨረሱና ጣታቸውን ፑሊው ላይ አኖሩ። ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው ነበር የሚናገሩት። "ይቺው ምልክቴ። ከቦታዋ ገጥማለች። ታዲያ የት ላይ ነው የሳትኩት? እጄ ሙያውን ረሳው ማለት ነው?"

ጣታቸው ያረፈው የኔ ጠብታ ላይ ነው።

ያኔ ገባኝ። ሁሉም ነገር ባንዴ ገባኝ፤ ፓምፑን ያስገቡት በኔ ነጥብ ነው። አሁን ወዲያው ተናገርኩ ብላችሁ እንዳታስቡ። አልተናገርኩም። "ብናገር ሌባ ብያቸዋለሁ ማለት ነው። ዝም ብል መኪናዬ ሰኞ ይሠራል፤ እሳቸውም ጎማቸውን ይቀጥላሉ፤ ማንም አያውቅም" ብዬ አሰብኩ። በዚያ ላይ ያ ክፉ ልቤ "እሺ፣ የተሸፈነው ፓምፕስ?" እያለ አሁንም ምክንያት ይፈልግልኛል። ሦስት ደቂቃ ይሆናል እንዲህ የቆምኩት።

ጋሽ ሰኢድ ስልካቸውን አወጡ። አሁን ፊታቸውን አላዞሩም፤ ድምፃቸውንም አልቀነሱም።

"ከድጃ … አልሆነም። አይ፣ ደህና ነኝ። እጄ ሳተ መሰለኝ። … ለሩቅያ አትንገሪያት፤ ሻንጣዋን አዘጋጅታለች ብለሽኝ የለ? … አብሽሪ፣ ሌላ ቀን አለ።"

ሩቅያ ልጃቸው ናት። ጠዋትም ያወሩት ከሚስታቸው ጋር ነበር። ሌላ ቀን እንደሌለ፣ ውላቸው በዚህ ወር እንደሚያልቅ እኔም አውቃለሁ፤ ትርንጎ ነግራኛለች።

ሮጥኩ። ሄንክ ብስክሌቱን እየገፋ ወደቡ ላይ ያለችው ድልድይ ጋ ደርሷል። ጠርቼ አስቆምኩት። ትንፋሽ አጥሮኝ፣ ሆላንድኛዬ እየተደነቃቀፈ፣ ሁሉንም ነገርኩት፤ ፍሉዱን፣ አራቱን ጠብታ፣ የተጠረገውን ምልክት፣ ሰምቼ ዝም ማለቴን።

"ምልክቱን ለምን አደረግሽ?"

"ዕቃዬን ይሰርቁኛል ብዬ።"

"ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጠሽ?"

"አዎ።"

ብስክሌቱን በድልድዩ ብረት ላይ አስደገፈው። "እሱም የፋብሪካውን ምልክት አጽድቶ ማየት ነበረበት" አለ በመጨረሻ። "አንድ ሰዓት እሰጠዋለሁ።"

"እባክህ ያደረግሁትን አትንገረው።"

"እኔ አልነግረውም። የምትነግሪው አንቺ ነሽ።"

ተመለስን። ሄንክ ጋሽ ሰኢድን "ነጩን እርሳው። ዝገቱን አጽዳና የፋብሪካውን ምልክት ፈልግ" ብቻ አላቸው። ጋሽ ሰኢድ በሽቦ ብሩሽ ፈተጉት። ከዝገቱ ሥር ቀጭን ጭረት ወጣች፤ ከኔ ጠብታ ሦስት ጥርስ ትርቃለች። ያዩበትን ዓይን አልረሳውም። ቺንጋውን አውጥተው፣ ፓምፑን መልሰው፣ ሁለት ዙር በእጅ አዙረው አርባ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጨረሱ።

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ተነስቶ ጸጥ ብሎ መሥራት ጀመረ። ሄንክ ኮፈኑ ላይ እጁን አስደግፎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

"ሰኞ ሁለት ሰዓት፣ ቢሮ። መታወቂያህን ይዘህ ና" አለና ወጣ። ሲወጣ አንድ ጊዜ ብቻ አየኝ።

ሁለታችን ቀረን። ጋሽ ሰኢድ ሳቅና እንባ ተቀላቅሎባቸው መደርደሪያው ጋ ሄዱና ያን ጨርቅ ገፈፉት።

"እስቲ ነይ እዪ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ በዚች ስለማመድ ነበር። ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ነው ያገኘኋት። ያንቺን ዓይነት ሞተር ከነካሁ አራት ዓመት አልፎኛል፤ የሰው መኪና አበላሽቼ እንዳላፍር ብዬ ነው። በማትሠራ ዕቃ ይለማመዳል ብሎ ሰው እንዳይስቅብኝ ሸፍኛት ነበር።"

ጨርቁን አንስቼ ማጠፍ ጀመርኩ።

"እኔ የሮጥሽውን አይቻለሁ" አሉ። "ምን ብለሽ እንደለመንሽው አላህ ይወቅ፤ ሄንክ ከቃሉ የሚመለስ ሰው አልነበረም። ቁሚ ልመርቅሽ።" ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ግራሶው ገና ከጥፍራቸው አልወጣም። "አላህ ያክብርሽ። የወጣሽበት ይቅናሽ። ለኔ የሮጠ እግርሽን እሾህ አይውጋው። አሚን በይ።"

ከልጅነቴ ጀምሮ ምርቃት ሰምቼ አሚን ሳልል ቀርቼ አላውቅም፤ የወሎ ልጅ ነኝ። አፌ ግን እምቢ አለ።

"ጋሽ ሰኢድ፣ አይመርቁኝ።"

"ምን ሆነሻል?"

"ያ ነጭ ነጥብ የእርስዎ አልነበረም። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ሊሰግዱ ሲገቡ።"

"ለምን?"

"ፓምፑን ይቀይሩብኛል ብዬ። መደርደሪያው ላይ ያለውን አይቼ።"

እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ቀጥዬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ 'አለች፣ ቀርታለች' ሲሉ ሰምቼ ዝም ማለቴንም፣ ከዚያም በኋላ ሦስት ደቂቃ ማመንታቴን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ስንት ቦታ አደረግሽ?"

"አራት።"

"አሳዪኝ።"

አሳየኋቸው። ጨርቁን ናፍጣ ነክረው አራቱንም አንድ በአንድ፣ ነጩ ጨርሶ እስኪጠፋ ጠረጉ። ኮፈኑን ዘጉ። ከዚያ ፊቴ መጥተው ቆሙና እጃቸውን እንደገና ዘረጉ።

"ጀምሬ የተውኩት ምርቃት ይቆጠርብኛል። ዕድሜ ይስጥሽ። ከምትፈሪው ያውጣሽ። አሁን አሚን በይ።"

"አሚን" አልኩ እያለቀስኩ።

ቁልፌን በመዳፌ ላይ አኖሩት። "ልጄ፣ ሁለተኛ ግን መኪናሽን እኔ ጋ አታምጪ" አሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ።

ከሮተርዳም እስከ ዴን ሃግ መንገዱ አጭር ነው። መኪናዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት ሄዳ አታውቅም። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ዳር ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁሉን አማኝ ሆንኩ ብል ውሸት ነው። ደረሰኝ አነባለሁ፤ ጋራዥም ስገባ ምን እንደሚቀየር አስቀድሜ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ። ከጀርባ የሚደረግ ምልክት ግን ተውኩ። አንባቢዎቼ፣ ይህን ልዩነት ለመማር የአንድ ሰው አራት ዓመት ናፍቆት ገደል አፋፍ ላይ መድረስ ነበረበት። መጠርጠር ሰውን ይጠብቃል ይባላል፤ እኔ ግን ያን ቀን ዕቃዬን የጎዳብኝ ብቸኛው እጅ የራሴ ነበር። በሳምንቱ የቤቴን ቁልፍ አስቀርጬ ለእህቴ ሰጠኋት። "ታመሻል እንዴ?" አለችኝ።

ጋሽ ሰኢድ ፈረሙ። ከዓመት በላይ ቆይቶ ትርንጎ ደወለች፦ "የጋሽ ሰኢድ ቤተሰብ መጥቷል። ሰኢድ ራሳቸው ናቸው ጥሯት ያሉኝ።" ዴልፍስሃቨን ያለው ትንሽ ቤታቸው በሰው ተጨናንቋል። ወይዘሮ ከድጃ ስሜን እንደሰሙ ከወጥ ቤት እጃቸውን ሳያደርቁ ወጥተው አንገቴን አቀፉኝ፤ ሩቅያን ጠርተው ጉልበቴን ሊያስሟት ጎተቷት።

"ሰኢድ ሁሉን ነግሮኛል" አሉኝ። "ሥራው ሲበላሽበት ቀጣሪውን በእግርሽ ሮጠሽ የመለስሽለት አንቺ ነሽ። እዚህ የቆምነው ባንቺ ነው።"

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ጋሽ ሰኢድን አየሁ። እሳቸው ለአንድ ሽማግሌ እጅ እያስታጠቡ ነበር፤ ቀና አላሉም። "እንግዳ አታቁሙ፣ አስቀምጧት እንጂ" አሉ ብቻ። ለማንም፣ ለሚስታቸውም፣ አልተናገሩም ነበር። ሊሸፍኑልኝ ይሁን፣ ወይስ ምልክት የተደረገበት መካኒክ መባልን ጠልተው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወይዘሮ ከድጃ መረቁኝ፤ ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። አፌን ልከፍት ሞከርኩና የሩቅያን ፊት አይቼ ዘጋሁት።

ባለፈው ሳምንት ለጋሽ ሰኢድ ደውዬ "ልጽፈው ነው፤ ይፈቅዱልኛል?" አልኳቸው። "የኔን አትቀንሺ፣ ያንቺንም አትጨምሪ" አሉኝ። እንደቃላቸው አድርጌያለሁ። ወይዘሮ ከድጃ፣ ባለቤትዎ የነገሩዎት ግማሹን ነው። የቀረው ግማሹ ይኸውልዎት።